የእሁዱ መርዶ እስኪደርስ

አጎቴ ሐሙስ ጠዋት አረፈ። ለእናቴ እሁድ ንጋት ላይ እንዲነገራት ተወሰነ። በመካከሉ ባለው ጊዜ እሷን ይዞ እንዲጠፋ የተመረጠው ሰው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ የተሳሳተ ምርጫ አይቼ አላውቅም።

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ሥራዬ ከመኪና ማቆሚያ መንገደኛ ጭኖ ኤርፖርት ማድረስ ነው። ቀኑን ሙሉ ስነዳ እውላለሁ፣ የትም አልደርስም። ቤት ስገባም ቆሜ ነው የምበላው። ባለቤቴ ወንበር ያቃጥልሃል ወይ ትለኛለች። ምስጢርም እንዲሁ ነው፤ ሆዴ የገባ ነገር እንደ ባለቤቱ አርፎ መቀመጥ አይችልም። ይህን ሁሉ እያወቁ ነው እናቴን ለእኔ ያስረከቡኝ።

ሰበቡ የታወቀ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ደጋፊ ሴቶች ይዘጋጃሉ፣ ሰው ተነሥቶ ወደ ሥራው ሳይበተን ማልዶ ይገባል። አገር ቤት ቢሆን በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ያበቃ ነበር። እዚህ ግን ግማሹ ዓርብና ቅዳሜ ፈረቃ አለበት፣ የአክስቴ ልጅ ከአትላንታ ፕሌን ይዛ እስክትመጣ መጠበቅ አለብን፣ የዕድራችን ሰብሳቢ ከሲያትል ማውንት ቤከር ሰፈር፣ ሌሎቹ ከዋይት ሴንተር ተሰባስበው ከከተማው ደቡብ ዴ ሞይን እኛ ቤት መድረስ አለባቸው። ስለዚህ እሁድ ሆነ። ባለቤቴ የእናቴን ስልክ ደብቃ "አፕዴት እያደረገ ነው" አለቻት፤ ከዚያ እኔን ኩሽና አስገብታ በሩን ዘጋችው።

"ሶ፣ አንተ ይዘሃት ትወጣለህ።"

"የት ነው የምወስዳት?"

"ሲግናል የሌለበት። ሀበሻም የሌለበት።"

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሲያትል ውስጥ ዳቦ ልትገዛ ብትገባ "እግዜር ያጥናሽ እናቴ" የሚላት ሰው አይጠፋም።

ያኔ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ ያለኝ። ፀጉሩ የሸበተ አሜሪካዊ ነው፤ እረፍት ባገኘ ቁጥር ከተራራው ወዲያ ያሉ የድሮ የወርቅ ከተሞችን እየዞረ ያያል። ወርቅ ሲገኝ በአንድ ክረምት የበቀሉ፣ ወርቁ ሲያልቅ ሰው ጥሏቸው የሄደ ከተሞች ናቸው። ስልክ አይሠራም፣ ሰው የለም፣ ይላል ሁልጊዜ እየተደሰተ። መንገዱን ነገረኝና ሮጬ ለእናቴ አበሠርኳት።

"እማዬ፣ ነገ ሽርሽር እንሄዳለን። ወርቅ ይወጣባቸው የነበሩ አሮጌ ከተሞች እናያለን።"

ፊቷ በራ። "ወርቅ? እንደ ወንድሜ አገር ያለ?"

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ሟቹ ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ ሻኪሶ ወርቅ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። እናቴ አዝላ ነው ያሳደገችው። ጢም ሳያበቅል ወደ ወርቁ አገር ሄደ፤ ለመስቀል አንዳንዴ ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ አይመጣም። አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ካጠበው ወርቅ ምስር ምስር የሚያክል ጥንድ ጉትቻ አሠርቶ ሰጣት። ያን ጉትቻ ከጆሮዋ አውልቃው አታውቅም፤ የኤርፖርት ፈታሾች ሲያስቸግሯት እንኳ "ቆርጣችሁ ውሰዱት" ብላ ጆሮዋን ሰጥታቸዋለች። ሀገር ሙሉ ሐይቅ፣ ባሕር፣ መናፈሻ ሞልቶ እኔ የሟቹን ነገር ከሚያስታውሳት ቦታ በቀር የሚታየኝ አልነበረም። ሐሳቤን ልለውጥ ስል እሷ ቆሎ መቁላት ጀምራለች።

ዓርብ ማለዳ ተነሣን። የስኖኳልሚን ተራራ በጉም ውስጥ አለፍን፣ ክሌ ኤለምን አልፈን ወደ ሰሜን ታጠፍን። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። ሲግናሉ ሲጠፋ ተነፈስኩ። እናቴ ጋቢናው ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ቆሎዋን እየበላች ስለ ወንድሟ ታወራለች። ሕፃን ሆኖ ጀርባዋ ላይ ካልሆነ አይተኛም ነበር አለች፤ ልታወርደው ስትል ይነቃል። እኔ "እህ" እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? "ነበር" በምትልበት ቁጥር ልቤ ይዘላል።

የመጀመሪያዋ ሊበርቲ ትባላለች። ከግንድ የተሠሩ ጎጆዎች በአንዲት መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። እንዲያውም ፈጽማ አልሞተችም፣ ከአንድ ሁለቱ ጭስ ይወጣል። እናቴ ወርዳ አጥር ለአጥር እየሄደች ሰላም የምትለው ሰው ፈለገች። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ነኝ።

"ሞተሩን አጥፋውና ውረድ እንጂ" አለችኝ ተመልሳ። "ባስ እየነዳህ ነው እንዴ?"

ወረድኩ። አንድ ጎጆ አየሁ፣ ሁለተኛው ያው ነው። እንሂድ አልኳት። በብሉዌት ኮረብታ ስንወጣ ሁለተኛዋን ከተማ ልናልፋት ምንም አልቀረንም ነበር፤ ከመንገዱ ዳር ወርቅ ያለበት ድንጋይ ይፈጭበት ከነበረ ወፍጮ የተረፈ ፍርስራሽ ብቻ ነው ያላት። እዚያም ቆመን ጥቂት ሳንቆይ ቁልፌን አቃጨልኩ። እናቴ ትኩር ብላ አየችኝ።

"ምን ያሯሩጥሃል? ወርቁ እንደሆነ አልቋል።"

ሳቅኩ፤ ሳቄ ለራሴም አላማረኝም። ለምን እንደምቸኩል አላውቅም ነበር። እሁድ ቶሎ እንዲመጣ ይሆን? እንዲያውም እንዳይመጣ ነው የምፈልገው። ቆመን ዝም ስንል ነገሩ ወደ ጉሮሮዬ ይወጣል፣ ስነዳ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ነዳሁ። ወናቺን አልፈን፣ የፖም እርሻውን አልፈን፣ ኦካኖገን ወንዝ ዳር አንድ ሞቴል እስክንደርስ አልቆምኩም። እዚያ ሲግናል ነበረ። የባለቤቴ መልእክት ገባ፤ "አወቀች?" "አላወቀችም" ብዬ መለስኩና ስልኩን አጠፋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ትጸልያለች። ጸሎቷ ዕድሜዬን ሙሉ ያው ነው፤ በመጨረሻ ላይ በሕይወት ያሉትን አንድ በአንድ ትጠራለች። ወንድሟ መጀመሪያ ነው። "በዱር በገደል ያለውን ወንድሜን ጠብቅልኝ" አለች። ከዚያ እኔን፣ ባለቤቴን፣ ልጄን። ሙታኑን ለይታ ነው የምታነሣቸው፤ እሱ ገና በሕያዋኑ ወገን ቆሟል። ጫማዬን ሳላሥር ወጥቼ ግቢውን ዞርኩ። ተናድጄ ነበር፤ በባለቤቴ፣ በሽማግሌዎቹ፣ በአትላንታው ፕሌን፣ በሁሉም። ሰው ለሞተ ወንድሙ "ጠብቅልኝ" እያለ ሲለምን ዝም ብሎ ማየት ምን የሚሉት ሥርዓት ነው?

ሦስተኛዋ ከተማ ከአስፓልቱ ርቃ በኮረኮንች መንገድ የሚደረስባት ናት። የቀራት ነገር የቤቶች መሠረት፣ አንድ የጭስ ማውጫ፣ ከበላይዋ ደግሞ በዛገ ብረት የታጠረ የመቃብር ቦታ ነው። ጥቅምት ነበር። በዚያ አገር በመከር ቅጠሉን የሚያረግፍ የጥድ ዓይነት አለ፤ ምድሩን ቢጫ አድርጎታል። እኔ መሠረቶቹን አይተን እንድንመለስ ነበር ሐሳቤ። እናቴ ግን መቃብር አይታ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ሽቅብ ወጣች።

"አንብብልኝ" አለችኝ።

ብዙው ስም ጠፍቷል። የሚነበበውን አነበብኩላት፣ በእያንዳንዱ "ነፍስ ይማር" እያለች። ጥግ ላይ ያጋደለ ድንጋይ ነበር። ከባሕር ማዶ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ነው ይላል፤ ጉድጓድ ተንዶበት ሞተ። እናቴ አላለፈችውም።

"ለወርቅ ነው የመጣው?"

"ለወርቅ ነው።"

"ዘመድስ? አጠገቡ ሌላ በስሙ የሚጠራ አለ?"

ዞሬ አየሁ። "የለም።"

"እናቱን ማን አረዳት ታዲያ?"

ደብዳቤ ጽፈውላት ይሆናል አልኳት። ያን ጊዜ መርከብ ነው፣ ይቆያል እንጂ ይደርሳል።

"ባይደርስስ? በየበዓሉ ድርሻውን እያስቀመጠች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየተነሣች ኖራ ይሆናል። ደግሞ ያወቀ ሰው አይጠፋም። ሰፈርተኛው ሁሉ አውቆ እሷን ዝም ብሏት ይሆናል።" ድንጋዩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። "ምስኪን!"

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ሆዴ አልቻለም።

"እማዬ" አልኳት። "አጎቴ..."

እጇን አነሣች፣ ተው እንደማለት። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"መቼ?"

"ሐሙስ።"

"ታሞ?"

"ልቡ ነው አሉ። እንደተኛ ነው ያገኙት።"

"ስልኬ ሲታመም ነው የጠረጠርኩት" አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

እናቴን አውቃታለሁ። በልጅነቴ ጎረቤት ሲሞት የእሷ ጩኸት ሰፈሩን ነበር የሚቀሰቅሰው። አሁንም ያን ስጠብቅ ትከሻዬን አጠንክሬ ቆምኩ። አልመጣም። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አፏ አይከፈትም። እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደችና ጉትቻዋን ልታወልቅ ታገለች፤ ኀዘንተኛ ጌጥ አያደርግም። ጣቷ እምቢ ሲላት እኔ አወለቅኩላት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። በቃ፣ ያ ብቻ ነበር። ወንድ ልጅዋ ነገራት፣ ተነገራት፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁለታችንም አላወቅንበትም።

ያን ጊዜ ፒክ አፕ መኪና መጥቶ ከአጥሩ ሥር ቆመ። የሚነዳው ሽማግሌ ሰውዬ ነው፤ መጥረጊያና የሣር ማጨጃ ጭኗል። እናቴ ከድንጋዩ ሥር ተቀምጣ እንደምታለቅስ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀስ ብሎ መጥቶ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

"ዘመዳችሁ ነው?"

ጣቱን የቀሰረው ወደ ወጣቱ ድንጋይ ነው። ገለጻው ከየት እንደሚጀመር ሳስብ እሱ ቀጠለ። ቦታውን ድሮ አባቱ ያጸዳ ነበር፣ አሁን እሱ ያጸዳል። ለዚህ ልጅ ብሎ የመጣ ሰው ግን እሱም አላየ፣ አባቱም አላየ።

"ምን ይላል?" አለችኝ እናቴ ቀና ሳትል።

ነገርኳት። ተሳስቷል፣ ላስረዳው ነው አልኳት።

"አዎ በለው።"

"እማዬ፣ እንዴት..."

"አዎ በለው አልኩህ። እሱም አልቃሽ የለው፣ እኔም አጽናኝ የለኝ።"

አዎ አልኩት። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ከመኪናው ታጣፊ ወንበር አምጥቶ ለእናቴ ዘረጋላት፤ አልተነሣችም። ወንበሩን እዚያው ትቶት እሱ ራሱ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ ከእሷ ጥቂት ራቅ ብሎ። አንዳችን የሌላውን ልማድ አናውቅም፤ እሱ ግን ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚቀመጡ ያወቀበት ይመስላል። እኔ አጥሩን እዞራለሁ። እናቴ "ተቀመጥ" ስትለኝ ተቀመጥኩ፣ ወዲያው ተነሣሁ። እሷ እስክትነሣ ድረስ ሰውዬው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ዝም ትላለች ብዬ ነበር። ወናቺ ስንደርስ ግን ነገ እነማን እንደሚመጡ ጠየቀችኝ። ስም በስም ነገርኳት።

"አውቃለች እንዳትል" አለችኝ።

"ለምን?"

"ከአትላንታ ፕሌን ይዛ የመጣችው ልጅ ምን ትሁን? ሽማግሌዎቹን 'ሰምቻለሁ' ብዬ ከበር ልመልሳቸው?"

"እና ታስመስያለሽ? ነገ ጠዋት እንደ አዲስ ልታለቅሺ?" ተቆጥቼ ነው የጠየቅኳት። ከሁለት ቀን ሽሽት በኋላ ነገሩን ከመገላገሌ ሌላ ምስጢር ተሸከም መባል አንገበገበኝ።

እናቴ ግን አልተቆጣችም። "ስለነገርከኝ አልጠላሁህም" አለች። "ግን አንተ አንድ ሰው ነህ።"

ነገሩ አልገባኝም፤ እንዲያውም ቅር አለኝ። እኔ ልጇ ነኝ፣ ማንም ያልደፈረውን ደፍሬ እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ አንድ ሰው ነህ ማለት ምን ማለት ነው? እያጉረመረምኩ ነዳሁ። ስኖኳልሚ ሳንደርስ ነዳጅ ልቀዳ ስቆም የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታችና ጉትቻዎቹን እጄ ላይ አደረገች። መልስልኝ አለች። ያለ ጉትቻ ብታያት ባለቤቴ ወዲያው ታውቃለች። የጆሮዋን ቀዳዳ ማግኘት አቃተኝ፣ ሁለት ጊዜ ወጋኋት። እሷ ፊቷን አላጨማደደችም። ቤት ስንገባ ልጄ እየሮጠች መጥታ "ግራንድማ፣ ዲድ ዩ ፋይንድ ጎልድ?" አለቻት፣ ወርቅ አገኘሽ ወይ ማለቷ ነው፤ እናቴ ጥያቄው ባይገባትም ሳመቻት።

እሁድ ንጋት ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ በሩ በቀስታ ተከፈተ። ባለቤቴ ነበረች ያስገባቻቸው። ሳሎኑ ሳይሰማ ሞላ፤ የዕድሩ ሰብሳቢ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ የአክስቴ ልጅ ከበሩ ጥግ አፏን በነጠላ ይዛ። እናቴ ለባብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወርቁ ከጆሮዋ ላይ አለ። ባለቤቴ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ግድግዳውን አየሁ።

"እንዴት አደሩ እናታችን" አሉ ሰብሳቢው። "በማለዳ የመጣነው ለደግ አይደለም። የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ..."

አልጨረሱትም። ከእናቴ የወጣው ድምፅ ያን በልጅነቴ የማውቀው ነበር። የሚያስመስል ሰው እንዲያ አይጮኽም። ስሙን ጠራች። የቤት ስሙን፣ አዝላው ሳለች ታባብልበት የነበረውን። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ተራራው ላይ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣችም። አንዷ ወገቧን ያዘቻት፣ ሌላዋ ክንዷን፣ የአክስቴ ልጅ እግሯ ሥር ወደቀች። ደረቷን ልትደልቅ ስትል እጆቿን የሚይዙ እጆች ነበሩ። ወደ ኋላ ስትወድቅ የሚቀበላት ትከሻ ነበር። እኔ መቃብሩ ሥር እንዲያ ብትወድቅብኝ ኖሮ በሁለት እጄ ምን እይዝ ነበር? እሷ ይህን አውቃለች። ወንድሟን እንደገና አዝላ፣ ሳታወርደው፣ ሰው እስካለበት ድረስ አምጥታዋለች።

ጩኸቱ ወደ ለቅሶ ሲወርድ ፍራሽ ተነጠፈና አስቀመጧት። ባለቤቴ ጉትቻዋን ልታወልቅላት ጎንበስ አለች። እናቴ እጇን ያዘቻትና በሰው መካከል በዓይኗ ፈለገችኝ። እንደ ልማዴ ከበሩ ሥር ቆሜ ቁልፌን እነካካ ነበር።

"እሱ ያውልቅልኝ" አለች።

በሰው መካከል አልፌ ተንበረከክሁ። በዚህ ጊዜ ሳልወጋት አወለቅኩላት። ጉትቻዎቹን በነጠላዋ ጫፍ፣ ያው ትናንት በነበሩበት ቦታ ቋጠርኳቸው። ከዚያ ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ መጥታ ትንሽ ወጣ በል አለችኝ። እስኪመሽ ከዚያ አልተነሣሁም።